የአባባ ጆሮ

ድሬስደን፣ ጥቅምት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ሣህሉ፣

እንደምን ከርመሃል? ድሬና ሙቀቷ፣ ሰፈሩና ሰዉ እንዴት ናቸው? እኔ የአባቴ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ገና በጥቅምት አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። የአባባን ጉልበት በኔ ፈንታ ሳምልኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ የሚመለስ የሐረር ሰው ነው። አብሮ አንዲት ትንሽ ካርቶን ይሰጥሃል። ውስጧ ለአባባ የገዛሁት የመስሚያ መሣሪያ አለ። ሳጥኗ በሸሚዝ ኪስ ትቀመጣለች፤ ከሷ የሚወጣው ሽቦ ጫፍ ላይ ያለችው ፍሬ ደግሞ ጆሮ ውስጥ ትሰካለች። አዲስ አይደለችም። ባለቤቷ ሽማግሌ ሲሞት ልጆቹ ለአሮጌ ዕቃ ሻጭ ሰጥተዋት ነው ያገኘኋት። ራሴ ሰክቼ ሞክሬያታለሁ፤ ከግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ሻይዋን ስታማስል ማንኪያው ተሰማኝ።

አባባ ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ቦይለር ሲቀጠቅጥ ጆሮውን እዚያው ትቶት እንደመጣ አንተም ታውቃለህ። እኔ የምጽፈውን አንተ እየጮህክ ታነብለታለህ፤ እሱ የሚለውን አንተ ትጽፍልኛለህ። እግዜር ይስጥህ። ግን አንድ ቀን እንኳ መሃል ሰው ሳይገባ እንዲሰማ እፈልጋለሁ።

እኔ የተመደብኩት ጥቃቅን ዕቃ የሚበየድበት ክፍል ነው። በአጉሊ መነጽር ካልሆነ የማይታይ ነገር ሁሉ እንበይዳለን። አስተማሪያችን እጄን አይተው ማን አስተማረሽ ሲሉኝ ወንድሜ አልኳቸው። መበየጃውን እንደ እስክሪብቶ ስይዝ እጄን በፒንሳ ስትመታኝ የነበረውን ግን አልነገርኳቸውም።

አክባሪ እህትህ
አስካለማርያም


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለሽው እህቴ ለአስካለማርያም፣

ጤና ይስጥልኝ። የላይኛው ጌታ ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። አባባ ምርቃቱን ልኮልሻል፤ ሙሉውን ልጻፈው ብል ወረቀቱ አይበቃም።

ካርቶኗ ደርሳለች። አምጪው ልጅ በድሬ ፀሐይ ኮቱን ሳያወልቅ ቆሞ ስለ ጀርመን አገር ብዙ አወራኝ። ላቡ ግን እንደኛው ላብ ነው። መሣሪያዋን ግን ምን ብዬ ልንገርሽ፤ አባባ ጆሮ ላይ ሰክቼ ብከፍታት ጸጥ። ብዘጋት ጸጥ። አባባ እየሳቀ ይህችም እንደኔ ደንቁራለች አለ።

ከፍቼ አየኋት። መንገድ ላይ ተንገላታ ይሁን ከድሮም ስስ ኖራ፣ የአንዷ ትራንዚስተር እግር ከብየዳው ተነቅሎ ተሰብሯል። አታስቢ፣ ይህ ለኔ ሥራ አይደለም። ለመሆኑ እናንተ ዘንድ ለእንዲህ ዓይነቷ ደቃቃ ዕቃ ምን ያህል ሙቀት ነው የሚታዘዘው? ለወሬ ያህል ነው የምጠይቅሽ። የኔን ዘዴ ታውቂዋለሽ። መበየጃዬ ዲግሪ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሶኬት ላይ ከተሰካች እስክትቀላ ትሞቃለች። ስለዚህ መስመሯን በአምፖል በኩል አሳልፌ አበርዳታለሁ። አምፖሉ ባነሰ ቁጥር እሷም ትበርዳለች፤ ለደቃቃ ዕቃ ስልሳ ዋቱን እሰካለሁ። ጫፏን ጋዜጣ ላይ አስነክቼ ወረቀቱ ካልጠቆረ ሥራ እጀምራለሁ።

መጋላ ሰፈር ያለው ሬዲዮ ሠሪው ጃማዕ ከጅቡቲ በባቡር ያስመጣት መበየጃ አለችው። ሙቀት የሚመርጥባት ቁልፍ አላት፤ ሲያዞራት ቀጭ ቀጭ ትላለች። የኔ ደንበኛ የነበረ ሁሉ አሁን እሱ ጋ ነው። ሰዉ ቁልፏን ለማየት ብሎ ደህናውን ሬዲዮ የሚሰብር ይመስለኛል። በዚያ መንገድ ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው።

መሃል ሰው ሳይገባ ይስማ ብለሻል። ገብቶኛል። መሃል የገባሁት ሰው እኔ ነኝ። ከሥራ ስመለስ በግራ ጆሮው በኩል ተንበርክኬ የቀኑን ወሬ እጮህለታለሁ፤ ጎረቤቱም አብሮ ይሰማል። ከኔ ሌላ ማንም ሲያናግረው አይገባውም። ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የሚያየው የኔን አፍ ነው። ሁለታችንም ለውጭ ትምህርት ተፈተንን፣ አንቺ ሄድሽ፣ እኔ ከሱ ጋር ቀረሁ። አልቀናሁም ብዬ አልዋሽሽም። የቀረኝ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ እሱንም በኪስ የምትያዝ ሳጥን ልትወስድብኝ ነው።

ቀልዴን ነው። እሠራታለሁ።

ወንድምሽ ሣህሉ


ድሬስደን፣ ጥር 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ሣህሉ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? ገና እንዴት አለፈ? እዚህ በረዶው ከደጃፋችን ደረጃ አልፏል። እኔ ደህና ነኝ፤ አባቴን የሚጠብቅልኝ አምላክ አንተንም ይጠብቅህ።

ለወሬ ያህል ብለህ የጠየቅከኝን ለቁም ነገር እመልስልሃለሁ። እኛ ዘንድ ለእንዲህ ዓይነቷ ትራንዚስተር ጫፉ ሦስት መቶ ሃያ ዲግሪ ይሆናል፤ ነክቶ ማንሳት ነው። እዚህ ስገባ እኔም ዕቃው ትንሽ ከሆነ ሙቀቱም ትንሽ ይሁን ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቃጥል ነበር። የበረደ ጫፍ እርሳሱን ቶሎ አያቀልጠውም፤ እስኪቀልጥ ትጠብቃለህ፤ አንተ ስትጠብቅ ሙቀቱ በእግሯ ሽቅብ ወጥቶ ሆዷን ይቀቅለዋል። የሚገድላት የእሳቱ ብዛት ሳይሆን መቆየቱ ነው። ስለዚህ ስልሳውን አምፖል ተወውና መቶውን ስካ። እግሯን ከላይ በወረንጦ ያዝ፣ ትርፉን ሙቀት ወረንጦው ይጠጣዋል። ሁለት ትራንዚስተር በፖስታው ውስጥ በጥጥ ጠቅልዬ ልኬያለሁ። ከነዚህ ሌላ አላገኘሁም።

አሁን ደግሞ የልቤን ልንገርህ። እዚህ አብሮኝ የሚማር ክፍሉ የሚባል ልጅ አለ፤ አባቱ አዋሽ ጣቢያ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ተዋደናል። ከፋሲካ በኋላ ቤተ ሰቦቹ ሽማግሌ ይልካሉ። ጋሼ፣ እኔ እዚያ የለሁም፤ እናቴም የለች። አባባ ሽማግሌዎቹን በራሱ ጆሮ ሰምቶ በራሱ አፍ እንዲመልስ እፈልጋለሁ። የምዳረው እኔ ነኝና ማን እንደሚጠይቀኝ፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቀኝ ይወቀው። እስከዚያ መሣሪያዋ ትድረስልኝ። አንተ ካልተመቸህ ለጃማዕ ስጣት፤ ሙቀት የሚመረጥባት መበየጃ አለችው ብለሃል።

አንድ ነገር ደግሞ። ድሮ አጎቴ ነበር የምትለው። ከመቼ ጀምሮ ነው አባባ ያልከው?

አክባሪ እህትህ
አስካለማርያም


ድሬዳዋ፣ መጋቢት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለተማረችው እህቴ ለአስካለማርያም፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል፤ መልሱ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው። አባባ ደህና ነው።

ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። ስልሳውን ተወው፣ መቶውን ስካው። አንቺ በረዶ ላይ ተቀምጠሽ የኔን አምፖል ትመርጭልኛለሽ? እናንተ ዘንድ መብራቱ አይወርድም አይወጣም። እዚህ ፋብሪካው ሲነሳ መብራታችን ይደክማል፣ ፋብሪካው ሲቆም ይነድዳል፤ ጠዋት የበረደች መበየጃ ከሰዓት እሳት ትሆናለች። ሦስት መቶ ሃያሽን በምን ልለካው? ለዚህ ሥራ ስልሳ ዋት የሚበቃ መሆኑን አንቺ ሳትወለጂ... እሺ፣ አንቺ ተወልደሻል፤ ግን ሬዲዮ በየትኛው ወገን እንደሚከፈት ሳታውቂ እኔ አውቅ ነበር።

ከላክሻቸው ትራንዚስተሮች አንዷ አልሰማችኝም። የፋብሪካ ጉድለት ይኖርባት ይሆናል። ሁለተኛዋን አልነካኋትም። ቁልፍ ያላት መበየጃ ብትልኪልኝ ይሻላል፤ እዚያ እንደሆነ እንደ ልብ ነው።

ስለ ጃማዕ የጻፍሽውን አላየሁትም ልበል። የአጎቴን ጆሮ ተሸክሜ መጋላ ድረስ ሄጄ፣ ባለ ቁልፉን ጌታ፣ አልቻልኩምና ሥራልኝ ልበለው? ከዚያ ወዲያ ሱቄን ለምን እከፍታለሁ?

ክፍሉ ስለሚባለው ሰው ለአባባ ነግሬዋለሁ። የማን ልጅ ነው አለኝ፤ ነገርኩት፤ እንግዲህ ይምጡ አለ። ስለ መስማቱ አትጨነቂ። የአገራችንን ወግ ረስተሽው ካልሆነ፣ አባት ጆሮው ካልሰማ የቅርብ ወንድ ዘመድ ሰምቶ ይነግርለታል፣ እሱ ያለውንም ይመልሳል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሳጥን አያስፈልግም።

አባባ ከመቼ ጀምሮ ነው ያልከው ብለሻል። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ነው። የሚጠራው ሰው ጠፍቶ ስሙ ሥራ ፈትቶ ነበር።

ሣህሉ


ድሬስደን፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለአቶ ሣህሉ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ሥራዎ ብዛት አዝናለሁ።

ትራንዚስተሯ የፋብሪካ ጉድለት የለባትም። ሁለቱንም ከመላኬ በፊት ለክቻቸዋለሁ። እርስዎ በስልሳ ዋት አምፖልዎ ቀቅለዋታል። መቶውን ያልሰኩት ስላላመኑበት አይደለም፤ እኔ ስላልኩት ነው።

መበየጃ መላክ አልችልም። ብችልም በጊዜ አይደርስም፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ግንቦት 14 ቀን ይመጣሉ።

እርስዎ በኔ የሚቀኑበትን ነግረውኛል። እኔም በእርስዎ የምቀናበትን ልንገርዎ። ዛሬ ጠዋት አባቴ ምን ለብሶ እንደወጣ ያውቃሉ። ሲያስለው ይሰማሉ። ምሳውን ትቶት እንደሆነ ያያሉ። እኔ እዚህ ሌሊቱን ስገላበጥ የማስበው በአባቴ ጆሮ ሥር የተንበረከከውን ሰው ነው። ትምህርቱን ይውሰዱት። ቢቻል ኖሮ ዛሬውኑ ቦታ እንለዋወጥ ነበር። አባቴን ቀምተውኛል፤ አሁን ደግሞ የኔን የጋብቻ ጥያቄ እንኳ ከርስዎ አፍ ካልሆነ እንዳይሰማ ይፈልጋሉ።

አንዲት ትራንዚስተር ቀርታለች። ለጃማዕ ይስጧት።

አስካለማርያም ገብረወልድ


ድሬዳዋ፣ ሰኔ 1 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአስኩ፣

እግዚአብሔር ይመስገን እኔም አባባም ደህና ነን። ያንቺን ደህንነት ደግሞ እሱ ያሰማን። እርስዎ ብለሽ የጻፍሽልኝን ወረቀት ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ አንብቤ ስጨርስ የማን ሬዲዮ እየሠራሁ እንደነበር ጠፋኝ። እልኼ ግን አልወጣልኝም። ወደ ጃማዕ አልሄድኩም። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው ቅዳሜ በባቡር ገቡ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታችን መጡ። እንደ ወጉ ደጃፍ ላይ ቆመው ለጉዳይ ነው የመጣነው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። አባባ ነጠላውን አጣፍቶ ተቀምጧል። እኔ በግራ ጆሮው በኩል ተንበርክኬያለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። አዲስ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች አፌን አፌን ያዩኛል።

ታላቁ ሽማግሌ ንግግር ያውቃሉ። በለሆሳስ፣ በምሳሌ እያዋዙ፣ ከዘር ከሃይማኖት ጀምረው ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን እስከሚለው ድረስ አደረሱት። ያንን ሁሉ ለስላሳ ነገር እኔ እንዴት ላድርሰው? ያለችኝ አንድ ድምፅ ናት። ልጅዎን ይስጡን ነው የሚሉት! ብዬ ጮህኩ። አባባ ዞሮ ፊቴን አየ። አልሰማ እንደሆነ ብዬ ከበፊቱ ይልቅ አብልጬ ጮህኩ። የአንገቴ ሥር ተገትሮ፣ ላቤ በአገጬ እየወረደ ነበር። አባባ ፊቴን ሲያይ ቆየና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ እንዲህ አለ፦

“ልጄ ሣህሉ ተቆጥቷል። እሱ ያልወደደውን ሰው እኔ ቤቴ አላስገባም። በሰላም ሂዱ።”

አስኩ፣ እዚህ ላይ አልዋሽሽም። ደስ አለኝ። በሦስት ሰው ፊት ልጄ አለኝ። ያንቺ ጉዳይ እዚያው ወለሉ ላይ ወድቆ ሳለ እኔ ያችን ቃል ይዤ ደስ አለኝ። ከዚያ የሽማግሌዎቹን ፊት አየሁ፤ አንደኛው ኮፍያቸውን አንስተው ሊወጡ ነው። ያን ጊዜ ያንቺ ነገር ትዝ አለኝ። አልተቆጣሁም! ብዬ ለአባባ ጮህኩ። አየሽ እንግዲህ፣ አልተቆጣሁም እያልኩ በጮህኩ ቁጥር ይባስ የተቆጣሁ እመስላለሁ። እጄን ይዞ ተው ልጄ፣ ይበቃሃል፣ መልሼልሃለሁ አለኝ። ታላቁ ሽማግሌ ነገሩ ስለገባቸው ሳቅ እንዳያመልጣቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ዞር አሉ። ደጅ ድረስ ሸኝቼ፣ እባካችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ፣ ያን ጊዜ በራሱ ጆሮ ይሰማችኋል ብዬ ለመንኳቸው።

ሰኞ ጠዋት መሣሪያዋንና የቀረችውን ትራንዚስተር በመሐረብ ቋጥሬ መጋላ ወረድኩ። ጃማዕ ገና ከደጅ ሲያየኝ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

“አቦ ሣህሉ፣ መንገድ ጠፍቶብህ ነው?” አለኝ።

አልጠፋብኝም፣ መበየጃህን ፈልጌ ነው አልኩት። ይህን አራት ቃል ለማውጣት ከሰፈራችን ከሳቢያን እስከ መጋላ በእግሬ እየሄድኩ ስለማመደው ነው የመጣሁት። ይስቅብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ በርጩማ ሳበልኝና ሻይ አዘዘልኝ። ባይደግስልኝ በወደድኩ። ክፉ ቢሆንልኝ ይቀለኝ ነበር።

መሣሪያዋን ከፍቶ አያት፣ ከዚያ ያቺን ቁልፍ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ አቆማት። ሦስት መቶ ሃያ አድርጋት አልኩት። ሳቀብኝ። ትንሽ ዕቃ ትንሽ እሳት ነው የሚፈልገው፣ ወላሂ ታቃጥላታለህ፣ አለኝ። አየሽ ጉድ? ባለ ቁልፉም እንደኔው ነው። ቁልፍ መኖሩ የቱ ላይ እንደሚቆም አይነግርም። እኔም ምን ብዬ ተከራከርኩት መሰለሽ፤ የበረደ ጫፍ ያስጠብቃል፣ ስትጠብቅ ሙቀቱ በእግሯ ወጥቶ ሆዷን ይቀቅለዋል፣ የሚገድላት መቆየቱ ነው። ቃል በቃል ያንቺን ነው የተናገርኩት። ማን አለህ አለኝ። ጀርመን አገር ያለችው እህቴ ናት አልኩት። ያጎቴ ልጅ አላልኩም።

“እሷ መጥታ ትከፍልሃለች ካቃጠልካት?” አለ ጃማዕ።

“አቃጥያት ነው የመጣሁት። የፊተኛዋን ያቃጠልኳት አልሰማም ብዬ ነው” አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ቀልድ አልነበረም። ሦስት መቶ ሃያ ላይ አደረጋት። እሱ እግሯን በወረንጦ ያዘ፣ እኔ መበየጃውን ያዝኩ። ጃማዕ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ መሰለኝ። ነክቼ አነሳሁ፤ ብየዳው ጠብ ብሎ አበራ። ሌሎቹን እግሮች እንደዚያው። ፍሬዋን ጆሮዬ ላይ ሰካኋት፤ ማዶ ያለው የጋሪ ፈረስ ሣር ሲያላምጥ ሰማሁ። ጃማዕም ተቀብሎኝ ሰካት፣ ፈረሱን ሰማና ሳቀ።

ቤት ስደርስ አባባ ተኝቶ ነበር። ቀስቅሼው ፍሬዋን ጆሮው ውስጥ አስገባሁለት። ከዚያ የልማዴን ተንበርክኬ፣ አባባ፣ ይሰማሃል ወይ! ብዬ ጮህኩ። ሰውየው ከአልጋው ዘለለ። ፍሬዋን ነቅሎ ወረወራት፤ ሊገድለኝ ነው አለ። እግዜር ያሳይሽ፣ ሳቄም ለቅሶዬም አንድ ላይ መጣ። እንደገና ለምኜ ሰካሁለትና ከአልጋው ራቅ ብዬ ቆሜ፣ ቀስ ብዬ፣ አባባ፣ እኔ ነኝ፣ አልኩት።

ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ወደ በሩ አየ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

“ይሄ ያንተ ድምፅ ነው? ስትጮህብኝ ይህን ሁሉ ዓመት፣ ይህን ልጅ ምን በድዬው ነው እንዲህ የሚቆጣኝ እል ነበር።”

ሳጥኗን በሸሚዙ ኪስ አስተካክዬ አስቀመጥኩለት።

ያንቺን ነገር በማግስቱ ነገርኩት፣ በቀስታ፣ ታላቁ ሽማግሌ እንዳሉት አድርጌ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ግንቦት 28 ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። እኔ በር ላይ ነበርኩ፤ መሃል አልገባሁም። አባባ ራሱ ሰማቸው፣ ራሱ መለሰ። ሰጥቻለሁ አለ። የልጅ ልጅ ያሳየኝ፣ የሰጠሁት እጅ አይጥፋብኝ፣ የሄደችበት መንገድ መመለሻ ይሁናት ብሎ መረቀሽ። ሽማግሌዎቹ አሜን ሲሉ እኔም በር ላይ ሆኜ አሜን አልኩ።

የፊተኛዋን ትራንዚስተር ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። በስልሳው ነው።

ወንድምሽ ሣህሉ


ድሬስደን፣ ሐምሌ 4 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሣህሉ፣ ለአባቴ ልጅ፣

በጤናህ ላይ ጤና ይጨመርልህ። እጅህን እግዜር ይባርክልኝ፤ የጃማዕንም እጅ ይባርክልኝ፣ ንገረው። ደብዳቤህን ለክፍሉ ሳነብለት ሽማግሌዎቹ ሊወጡ የተነሱበት ቦታ ላይ ስደርስ ቀምቶ ራሱ ጨረሰው። እርስዎ ብዬ ለጻፍኩልህ ይቅር በለኝ። ስጽፈው ግን የምሬን ነበር።

አልደብቅህም፣ ደስታዬ መሃል አንድ ነገር ይበላኛል። ልጅቷ እኔ ነኝ፣ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ሙቀቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የሰማው ድምፅ ግን ያንተ ነው። ይሄ ያንተ ድምፅ ነው ሲልህ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር እንኳ አልጻፍክልኝም። ምናልባት ለብቻህ ልትይዘው ፈልገህ ይሆናል። ቀናሁብህ ጋሼ። እንደዚህ ቀንቼ አላውቅም። አባባ እኔን ለመጨረሻ ጊዜ ደህና አድርጎ የሰማኝ ገና ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው፤ አሁን ድምፄ የትልቅ ሴት ድምፅ ሆኗል፣ እሱ ግን አያውቀውም።

አሁን መስማት ከቻለ ድምፄን ልኬለታለሁ። አንዲት ካሴት ናት፤ በአንድ በኩል ብቻ ተቀድታለች። ስለ ሥራዬ፣ ስለ ክፍሉ፣ ስለ በረዶው አውርቼበታለሁ፤ መጨረሻው ላይ አልቅሻለሁ፣ እሱን አትዝለለው። ቴፕ ሱቅህ ውስጥ አታጣም። እንደ ደረሰችህ አሰማልኝ። ሳታሰማው አትደር።

አክባሪ እህትህ
አስካለማርያም


ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአስኩ፣

የፍልሰታ ጾም በረከት አይለይሽ። እኛ ደህና ነን።

ካሴትሽ ደርሳለች። ከደረሰች ሰንብታለች። አላሰማሁትም።

አልጠፋችም፣ አልተበላሸችም፣ ቴፕም አላጣሁም። መሳቢያዬ ውስጥ ናት። እኔም አልሰማኋት፤ እሱን እንኳ አላደረግኩትም።

አባባ አሁን ቅዳሴ ቆሞ ያስቀድሳል፣ ካህኑ ምን እንዳሉ ለኔ ይነግረኛል። ሰው ሁሉ ያናግረዋል፤ ቤታችን ጠያቂ አይጠፋም። ማታ ስገባ ግን ወንበሩን አስጠግቶ ይጠብቀኛል። ተናገር ይለኛል። ምን ልናገር ስለው ምንም ይሁን ይላል። የሽንኩርት ዋጋ እነግረዋለሁ። ማን ሬዲዮ እንዳመጣ፣ ባቡሩ ስንት ሰዓት እንደዘገየ፣ ጃማዕ አጉሊ መነጽር ተውሶኝ እንዳልመለሰ እነግረዋለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኛል። ወሬው አይደለም የሚፈልገው። ፊቱ ምን ይመስላል ብለሻል፤ እንደዚያ ነው የሚመስለው።

ያንቺን ድምፅ የሰማ ቀን ምንም ይሁን ብሎ እንደማይጠይቀኝ አውቃለሁ። ካሴቷን መልሳት፣ ድገማት ይለኛል። እኔም እደግማታለሁ፤ ልጁ ነሽ፣ ደግ ነው። እኔ ግን እሱ ቤት ለማደግ ከገባሁ ጀምሮ ድምፄን ወዶ የሰማኝ እነዚህን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

ፍልሰታ ሲፈታ አሰማዋለሁ። እስከ መጨረሻው፣ ያለቀስሽበትንም ሳልዘል። እምልልሻለሁ። እስከዚያ ግን እህቴ፣ አባባን ለኔ ተይልኝ።

ሣህሉ